ስምንት ቅዳሜ

ሞጣ ውስጥ የካቶሊኮቹ ትምህርት ቤት ነጻ ነው ይባላል። ደብተር ይሰጣል፣ ወርኃዊ ክፍያ የለውም፣ በአንድ ክፍል ከአርባ ልጅ በላይ አያስቀምጥም። በመንግሥቱ ትምህርት ቤት ዘጠና ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ፣ ለሦስት አንድ መጽሐፍ ይዞ ሲጋፋ ያየች እናት፣ ይህን ስትሰማ ሌላ ጥያቄ አትጠይቅም። ዘርፈሽም አልጠየቀችም።

ነገሩ የገባት ልጇ እፀገነት አንደኛ ክፍል ከተመዘገበች በኋላ ነው። ከመመዝገቢያው ወረቀት ጋር አንዲት ቢጫ ካርድ ተሰጠቻት። ካርዷ ላይ ስምንት ባዶ ሳጥኖች ተሠምረዋል። ወላጅ በዓመት ስምንት ቅዳሜ ጠዋት እየመጣ በግቢው ይሠራል፤ ቦይ ይቆፍራል፣ አጥር ያጥራል፣ ችግኝ ይተክላል። ከሥራው በኋላ እዚያው ስለ ልጆቹ ስብሰባ ይቀመጣል። በሠራ ቁጥር አንድ ሳጥን ማኅተም ይመታበታል። ስምንቱ ሳጥን ካልሞላ ልጁ ለከርሞ አይመዘገብም። ምንደኛ መላክ ክልክል ነው፤ መምጣት ያለበት ራሱ ወላጁ ነው። ትምህርት ቤቱ ጉልበት አጥቶ አይደለም አሏት፤ ወላጁ ትምህርት ቤቱን የራሱ አድርጎ እንዲያየው ነው።

ቅዳሜ ባይሆን ኖሮ ምንም አልነበረበትም።

ሞጣ ቅዳሜ ሱቅ ይከፈታል፣ ሰው ይገበያያል፣ መኪናው ይጮኻል። መሬት ግን በብረት አይነካም። ቀዳሚት ሰንበት ናት። ሰው እንደፈለገው ይስከር፣ ይዋሽ፣ ጎረቤቱን ይማ፤ ቅዳሜ ዶማ ይዞ ከታየ ግን በሚቀጥለው ማኅበር ጽዋው እሱ ጋ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዘርፈሽ ደግሞ ተራ ሰው አይደለችም። የማርያም ማኅበርተኛ ናት። አባቷ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ቢቸና ላይ ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ናቸው። ለእሷ ቅዳሜ መቆፈር ማለት በገበያ መሀል ነጠላን ጥሎ እንደመሮጥ ነው።

ይህን ትምህርት ቤቱን ለሚመሩት መነኮሳት፣ ለሲስተሮቹ፣ የነገራቸው የለም። የሞጣን ሰው ከጥይት ይልቅ ይሉኝታ ይጥለዋል። ሁሉም ወላጅ ካርዱን ተቀበለ፣ «እግዜር ይስጥልን» አለ፣ ቤቱ ሄዶ መላ ፈለገ። የእህል ነጋዴው ሚስት ይርጋነሽ አንድ የቀን ሠራተኛ ላከችና «የልጁ አባት ነኝ በል» አለችው። ሌላውም እንደዚያው አደረገ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢውን ከውጭ ያየ ሰው፣ በሞጣ ያለ የቀን ሠራተኛ ሁሉ ልጁን ካቶሊክ ቤት ያስተምራል ይል ነበር።

ዘርፈሽ ሰው የምትቀጥርበት አልነበራትም። ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ምናለ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደወረደ ቀርቷል፤ መጀመሪያ ሰላምታ ይልክ ነበር፣ ኋላ ሰላምታውም ቀረ። የስፌት መኪናዋን የምታስቀምጥበት በረንዳ ላይ፣ ግድግዳ ተጋርታ ሐዋ ክርና አዝራር ትሸጣለች። መላውን ያመጣችው ሐዋ ናት።

«ቅዳሜ ለኔ ምኔ ነው?» አለቻት ካርዷን ገልብጣ እያየች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እቆፍርልሻለሁ። አንቺ ዓርብ ዓርብ አማቴን ሳጥብ ሱቄን ትጠብቂልኛለሽ። ወንፈል ነው።»

«ወላጅ ነው እኮ የሚሉት።»

«አራት ወልጃለሁ። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ወላጅ ይፈልጋሉ?»

«ስምሽን ቢጠይቁሽስ?»

«ዘርፈሽ እላለኋ። ያን ያህል የሚከብድ ስም ነው እንዴ?»

የቀረችው ልጅቱ ነበረች። እፀገነት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ዘርፈሽ ጠጉሯን እየሠራችላት ነገረቻት፤ እትዬ ሐዋን ግቢው ውስጥ ካየሻት እማዬ በያት፣ የሚጠይቅሽ ካለ እናቴ ናት በይ። ልጅቱ «ለምን?» አለች። «እንድትማሪ» አለቻት። ልጅቱ ነገሩን እንደ ፊደል ያዘችው፤ አንድ ጊዜ ሰማች፣ ሁለተኛ አልጠየቀችም።

እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት የትምህርት ቤቱ የቀድሞዋ ኃላፊ ተዛውራ ሲስተር ፅጌረዳ መጣች። ከከምባታ የመጣች፣ ሥራ የማትንቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እጅጌዋን ሰብስባ ከወላጆቹ ጋር የምትቆፍር ሴት ናት። ሐዋ ከግቢው ስትመለስ ወሬዋን ታመጣለች።

«ሲስተሯ እኮ ጨዋታ አዋቂ ናት። እናቷ እንሰት እንዴት እንደምትፍቅ በእጇ አሳየችኝ። እኔም አማቴ እንዴት እንደምታስቸግረኝ ነገርኳት።»

«የኔ አማት ሞታለች እኮ» አለች ዘርፈሽ መርፌዋን በክር እያስገባች።

«አስነሣኋታ። ምን ላድርግ፣ ወሬ አለቀብኝ።»

ይስቁ ነበር። ዘርፈሽ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታፈሰዋለች። ካርዱ ይሞላል፣ ልጅቱ ትማራለች። ሌላው የሐዋ ጨዋታ ነው።

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን፣ ሐሙስ፣ የሽልማት ቀን ሆነ። እፀገነት ከአራተኛ ክፍል ሁለተኛ ወጥታለች። ተሸላሚ ከወላጁ ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ ይቀበላል ተብሎ ወረቀት ተላከ። ሐዋ ወረቀቱን አስነበበችና «እንግዲህ ቀሚሴን ልጠብ» አለች።

«አይ፣ ይሄን እኔ እሄዳለሁ።»

«ሲስተሯ እኔን ነው የምታውቀው፣ ዘርፌ።»

«በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ማን ማንን ያያል? ቁፋሮ ይወከላል፣ እልልታ ግን አይወከልም።»

ሐዋ ክሯን መጠቅለል ቀጠለች።

ዘርፈሽ ለፋሲካ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ሄደች። ግቢውን በቅጡ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ሐዋ የቆፈረችው ቦይ፣ ሐዋ የተከለችው ግራር፣ ሐዋ ያጠረችው አጥር መሀል አልፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይርጋነሽ ልጇን ይዛ ተቀምጣለች፤ አየቻትና በቅንድቧ ሰላም አለቻት።

ሲስተር ፅጌረዳ በድምፅ ማጉያው ስም ትጠራለች። «ከአራተኛ ክፍል ሁለተኛ፤ እፀገነት ምናለ ከእናቷ ከወይዘሮ ዘርፈሽ ጋር።» ዘርፈሽ ተነሣች። ልጅቱ ከሌላ በኩል ከክፍል ጓደኞቿ መሀል ወጣች። መድረኩ ላይ ሲገናኙ ሲስተሯ መጽሐፍና ሰርተፊኬቱን እንደያዘች በዘርፈሽ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች።

«እናትሽ የታሉ?» አለቻት ልጅቱን። ማጉያው አጠገቧ ስለነበረ ግቢው ሁሉ ሰማ።

እፀገነት እናቷን አየች። ከዚያ ጫማዋን አየች። «አልመጣችም» አለች። «እሷ አክስቴ ናት።»

ዘርፈሽ ዝም ማለት ትችል ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ያሰበችው ይህንኑ ነው። አክስት ሆና ብትስቅ፣ ልጅቱን ስማ ብትወርድ፣ በማግሥቱ ሐዋ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ የመመዝገቢያውን ፎርም ብትፈርም፣ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። አራት ዓመት የሠራ መላ አንድ ቀን አይከዳም ነበር። ግን ጉሮሮዋ ላይ እልልታ ይዛ ነው የወጣችው። እልልታው ሌላ ሆኖ ወጣ።

«እኔ ነኝ ዘርፈሽ» አለች። «እናቷ እኔ ነኝ።»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይርጋነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ሰዉ ሲበተን ሲስተሯ ቢሮ አስጠራቻት። ቢጫው ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ስምንቱም ሳጥን ማኅተም ተመቶበታል። ልጅቱ በር ላይ ቆማለች።

«ይህን ማኅተም የመታሁት እኔ ነኝ» አለች ሲስተሯ። «ለማን ነው የመታሁት?»

«ለጎረቤቴ።»

«ለምን ራስዎ አልመጡም?»

ዘርፈሽ አፏን ከፈተች። ሰንበት ነው ልትል ነበር። ግን ይህ፣ ሴትየዋ ስትቆፍር በከረመችበት ግቢ፣ በራሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የአንቺ ሥራ ኃጢአት ነው ማለት መስሎ ታያት። «ሥራ ይበዛብኛል» አለች።

«እኔም ይበዛብኛል።» ሲስተሯ ካርዱን አነሣችና አስቀመጠችው። «ሴትዮዋ ስሟ ማን ነው?»

«ሐዋ።»

ሲስተር ፅጌረዳ ስሙን አልደገመችውም። በመስኮቱ ወደ ግራሮቹ አየች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ዘርፈሽ እያልኩ ጠራኋት» አለች። «አማቷ ሲያማቸው ልጠይቃቸው እመጣለሁ ስላት ቤቴ ሩቅ ነው ትለኝ ነበር። አማትም የላትም በሉኛ።»

«አላት። እሱ እውነት ነው።»

ይህ ለሲስተሯ የጠቀማት አይመስልም። ድምፅዋን ሳትቀይር ነገረቻት። የእፀገነት ቦታ ገና ለሌላ አልተሰጠም። እናትየው ማን እንደሆነች ግን ከእንግዲህ በቃል አታምንም። ልጅቱ ክርስትና ከተነሣችበት ቤተ ክርስቲያን የእናቷ ስም የተጻፈበት ማኅተም ያለው ወረቀት ይምጣ፤ የቀበሌ አይሆንም፣ ቀበሌ ሦስት ምስክር ላመጣ ሁሉ ይጽፋል። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ የተመቱት ስምንት ማኅተሞች ተሠርዘዋል። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ እስከ ነሐሴ ሃያ ቀን ድረስ ስምንት ቅዳሜ አለ። ስምንቱንም ዘርፈሽ በራሷ እጅ ትሠራለች። አንዱን ከቀረች፣ ለአምስተኛ ክፍል ተራ የሚጠብቅ ልጅ አለ።

ማታ ዘርፈሽ ልጅቱን እንጀራ ላይ አፈጠጠችባት።

«አክስቴ ናት አልሽ።»

«አንቺ ነሽ ያልሽኝ።»

«እኔ አክስቴ በይኝ አልኩሽ?»

«ግቢ ውስጥ እማዬ እትዬ ሐዋ ናት አልሽኝ። ግቢ ውስጥ ነበርን።» እፀገነት ጉርሻዋን ዋጠች። «ሁለት እናት አለኝ ብል ይባስ ነበር።»

ዘርፈሽ ሰሃኑን አነሣች። ውጭ በረንዳው ላይ ሐዋ ሱቋን እየዘጋች ነበር፤ ሁሉንም በግድግዳው ሰምታለች።

«ልሂድና ልማልላት?» አለች።

«በማን ትምያለሽ?»

«እሱም አለ ለካ» አለች ሐዋ። ሁለቱም ሊስቁ ፈልገው አልሆነላቸውም።

እፀገነት የተወለደችው ቢቸና ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ዘርፈሽም ለመውለድ ወደ ወላጆቿ ሄዳ፣ ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ አባቷ በሚያገለግሉበት ደብር ክርስትና ተነሣች። እናቷ ከዚያ ወዲህ አርፋለች። ስለዚህ ወረቀቱን ለማግኘት መንገዱ አንድ ነው፤ በመሪጌታ ወልደ ኪዳን በኩል ያልፋል።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። አባቷ ዘንድ ስትደርስ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው አጎዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም ልጅቱን ጠየቁ፣ ምናለን ጠየቁ፣ መልሱን እያወቁ። ከዚያ የመጣችበትን ጠበቁ። ዘርፈሽ ነገር ማዞር አትችልበትም። ካርዱን፣ ሐዋን፣ መድረኩን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

መሪጌታ እስክትጨርስ ጭራቸውን እያወዛወዙ ሰሟት።

«ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ነው» አሉ።

«ነው፣ አባዬ።»

«የእነሱን ጸሎት ታስደግሚያታለሽ?»

«አያስደግሟትም። ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው የሚያስተምሯት። ዳዊቱን እኔ ቤት አስጠናታለሁ።»

«እና ቅዳሜ ያስቆፍራሉ።»

«አዎ።»

«ለኃላፊዋ ነግረሻታል?»

«ምኑን?»

«ቅዳሜን ነዋ። ሰንበት መሆኗን።»

«አልነገርኳትም።»

«ሌላስ የነገራት አለ?»

«የለም።»

መሪጌታ ጭራቸውን አስቀመጡ። «ከሩቅ አገር የመጣች ሴት ሁለት ዓመት መሬት ስታስቆፍር፣ እመት ዛሬ እኮ ሰንበት ናት የሚላት አንድ ሰው ከሞጣ ጠፋ? የቀን ሠራተኛ ትልካላችሁ፣ እስላም ጎረቤት ትልካላችሁ፣ ሕፃን ታስዋሻላችሁ። አፍ ግን የላችሁም። ከዚያ ሰንበት ጠበቅን ብላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትሳለማላችሁ።»

«አሁን እነግራታለሁ።»

«ብትነግሪያትና አልሰማም ብትልሽስ?»

ይህን አውቶቡሱ ላይ ስታስበው መጥታለች። «እቆፍራለሁ» አለች።

መሪጌታ ወልደ ኪዳን ቄሰ ገበዙን ሊጠሩ ተነሡ። ወረቀቱ ተጻፈ። እፀገነት ምናለ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ገብርኤል፣ እናቷ ዘርፈሽ ወልደ ኪዳን። ማኅተሙ ተመታ። አባቷ ወረቀቱን አጥፈው ሰጧት።

«ለንስሐ አባትሽ ሳትቆፍሪ ንገሪያቸው» አሉ። «ከቆፈርሽ በኋላ የሚነገረው ሌላ ነገር ነው። ቀኖናውን እሳቸው ያውቃሉ።»

«እሺ አባዬ።» ለመሄድ ጉልበታቸውን ልትስም አጎነበሰች። ዘርፈሽ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ከዚህ ቤት ሳትመረቅ ወጥታ አታውቅም። ለገበያ ስትወጣም፣ ስትዳርም፣ ምናለ ጠፍቶ እያለቀሰች መጥታ ስትመለስም እጃቸው ራሷ ላይ አርፎ ምርቃቱ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። አሁንም አጎንብሳ ጠበቀች።

እጃቸው አልመጣም።

«ልጄ ነሽና አልረግምሽም» አሉ። «ልጄ ነሽና አልመርቅሽም። ሂጂ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ።»

ሞጣ ስትመለስ መጀመሪያ ወደ ሲስተሯ አልሄደችም፤ ወደ ይርጋነሽ ቤት ሄደች። ብዙ ሆነው ከነገሯት ሲስተሯ ቀኑን ትቀይራለች ብላ አሰበች። ይርጋነሽ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ነገ አብረን እንሂድና እንንገራት» አለቻት ዘርፈሽ። «አንቺ፣ እኔ፣ ሌሎቹም። ቅዳሜ አንችልም እንበላት። ይኸው ነው።»

«ምን ብዬ? እስከ ዛሬ ይመጣ የነበረው ባሌ አይደለም ልበላት?»

«እውነቱ እሱ አይደል?»

«ዘርፌ፣ እህቴ፣» አለች ይርጋነሽ ምስሯን እያንቀረቀበች፣ «የተያዝሽው አንቺ ነሽ። እኛ አልተያዝንም። የሰንበቱን ነገር አንቺ ስታነሺው ያምርብሻል፣ የመሪጌታ ልጅ ነሽ። እኛን ግን አታንሺን። ልጄን ከክፍሉ አስወጥቼ ዘጠና ልጅ መሀል አላስቀምጥም።» ከዚያ ቡና ላፍላልሽ አለቻት። ዘርፈሽ መሽቷል ብላ ወጣች፤ ገና አልመሸም ነበር።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዛ ሲስተሯ ቢሮ ገባች። ሲስተር ፅጌረዳ ማኅተሙን በብርሃን አየችው፣ አነበበችው፣ ፋይል ውስጥ ከተተችው።

«አንድ ነገር አልነገርኩዎትም» አለች ዘርፈሽ። «ሥራ በዝቶብኝ አይደለም የቀረሁት። እዚህ አገር ቅዳሜ መሬት አይቆፈርም። ሰንበት ነው። ቅዳሜ ከቆፈርኩ በማኅበሬም በአባቴም ፊት ሰው አልሆንም።»

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስቆፍር ታዩኝ ነበር።»

«እኔ አላየሁዎትም። የሚያዩዎት ግን ዝም ብለዋል።»

«ታዲያ እነዚያ ሁሉ ወላጆች እንዴት ይመጣሉ?»

ዘርፈሽ እጆቿን አየች።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለች ሲስተሯ ቀስ ብላ። «ማስቀየር ግን ይቻላል። ወላጆች ተሰብስበው ይህን ቀን አንችልም ብለው ከፈረሙ፣ እኔ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ለአንድ ሰው ግን ደንብ አይቀየርም። ከእርስዎ ሌላ ማን ማን ነው? ስማቸውን ይንገሩኝ፣ እጠራቸዋለሁ።»

ከሠላሳ የማያንሱ ስሞች አፏ ላይ ነበሩ። ብትናገር ቀኑ ይቀየር ይሆናል፤ ካርዶቹ ግን በዚያው ይሠረዛሉ። ከሠላሳው ቤት ሃያው ልብሱን የሚያሰፋው እሷ ጋ ነው። የማኅበሩ ጽዋ የሚዞረው እነሱ ቤት ነው። ዘርፈሽ ዝም ያለችው ደግ ስለሆነች አይደለም፤ ከሰንበት ጋር የተጣላች ሴት ከሠላሳ ጎረቤት ጋር ልትጣላ አትችልም፣ እዚያው ከተማ ውስጥ መኖር አለባት።

«እኔ ብቻ ነኝ» አለች።

ሲስተሯ እንዳላመነቻት ከፊቷ ይታያል። ከመሳቢያዋ አዲስ ቢጫ ካርድ አወጣችና ስሟን ጻፈችበት። «እንግዲያው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት» አለች።

ሐምሌ አንድ ቀን ቅዳሜ ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መሬቱን አላልቶታል። ዘርፈሽ ዶማዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች፤ በኋላ በመንገዱ ላይ ጠቅልሎ መያዙ ይበልጥ እንደሚያስታውቅ ገባትና ገለጠችው። የማርያም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከቅዳሴ የሚወጡ ሴቶች ነበሩ። ሁለቱ ማኅበርተኞቿ ናቸው። ሰላም አላሏትም፣ አልሰደቧትምም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ግቢው ውስጥ ወደ ሃያ የሚሆኑ «ወላጆች» የችግኝ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። አብዛኞቹን በመናኸሪያው በር ሥራ ሲጠብቁ ታውቃቸዋለች። የይርጋነሽ «ባል» ሲያያት ዶማውን ተደግፎ ሳቀ።

«ዛሬ እውነተኛ ወላጅ መጣብን» አለ። «ሥራችንን ልትወስጂብን ነው እንዴ?»

ሲስተር ፅጌረዳ መስመር አሳየቻት፤ አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ በክንድ ጥልቀት። ዘርፈሽ ዶማውን አነሣች። ስታነሣው መብረቅ ይወርዳል ብላ አልጠበቀችም፤ የጠበቀችው ቢያንስ እጇ እንዲከብዳት ነበር። አልከበዳትም። መሬቱ ለስላሳ ነበር፣ ዶማው ገባ፣ አፈሩ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛውን መታች። ይህ ቀላልነቱ ከሁሉም ይልቅ ረበሻት።

ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ሳለች ሐዋ በበሩ ገባች። የራሷን ዶማ ይዛለች።

«ማን ጠራሽ?» አለቻት ዘርፈሽ።

«ትናንት ዓርብ ሱቄን ጠብቀሻል። ወንፈል አለብኝ።»

«ማኅተሙ ለኔ ነው የሚመታው። በራሴ እጅ ካልሆነ አይቆጠርም።»

«አይቆጠር። እኔ ለማኅተም አልመጣሁም።» ሐዋ የቀጣዩን ጉድጓድ አፍ መቧጨር ጀመረች።

ሲስተሯ ከወዲያኛው አጥር አየቻቸውና መጣች። ሐዋ ቀና አላለችም። ሲስተር ፅጌረዳ አጠገቧ ቆመች።

«ወይዘሮ ሐዋ» አለች።

«አቤት ሲስተር።»

«ለእርስዎ ካርድ የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«አማትዎ እንዴት ናቸው?»

«እንደነበሩ ናቸው» አለች ሐዋ፣ አሁንም ሳታያት። ሲስተሯ ወደ ግራሮቹ ሄደች።

ፀሐይ ደመናውን ቀዶ ሲወጣ ስምንተኛው ጉድጓድ ላይ ደርሰዋል። የሁለቱም ቀሚስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ከኋላቸው የልጅ እግር ሲሮጥ ተሰማ።

«እማዬ!»

ሁለቱም ቀና አሉ።

እፀገነት ውኃ የሞላ ጆግ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ማንም ወደሷ ዞሮ አልጠየቃትም፣ ማንም አልጠራትም። ሐዋ ቶሎ ብላ አጎነበሰችና ያለቀውን ጉድጓድ እንደገና መቆፈር ጀመረች። ዘርፈሽ ግን ቀጥ ብላ ቀረች። ልጅቱ መጀመሪያ ሲስተሯ የት እንደቆመች ፈለገች። ግራሮቹ ጋ አገኘቻት። ሲስተሯ ወደነሱ እያየች ነበር። ከዚያ በኋላ ነው እፀገነት እግሯን ያነሣችው፤ ጆጉን እንዳይፈስ በደረቷ ደግፋ በጭቃው ላይ ወደ ዘርፈሽ መጣች።

«አንቺን ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ዘርፈሽ ጆጉን ተቀብላ ጠጣች። ለሐዋም አሳለፈችላት። ሲስተሯ ጀርባዋን ሰጥታ ቢሆን ኖሮ ጆጉ ወደ ማን ይሄድ እንደነበር ልትጠይቅ አፏ ላይ መጣ። ልጅቱ እውነቱን ትነግራታለች ብላ ፈራች። ዶማዋን አነሣች። አራት ጉድጓድ ይቀራታል፣ ሰባት ቅዳሜ ይቀራታል።